ከተናጋሪው አንደበት የተሰበሰበ ቃል ለትንተና እንዲመች ስለሚደራጅበት መንገድ
(በሐዋሳ የሚነገሩ የዓሣ ሥራ ቃላት እንደ ማሳያ)

መግቢያ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቃል የሚያገኝባቸው ምንጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተጻፈ ሰነድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃሉን በየዕለቱ በሥራው ላይ የሚያውለው ተናጋሪ ነው። ከመጽሐፍ የተቀዳ ቃል ቢያጠራጥር ተመልሶ ገጹን መግለጥ ይቻላል። ከሰው አፍ የተሰማ ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ ተናጋሪው ወደ ሥራው፣ ጠያቂው ወደ ቢሮው ከተመለሱ በኋላ የሚቀረው በማስታወሻ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። ስለዚህ የመስክ መረጃ አያያዝ ለጽሕፈት ቤት ሥርዓት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የትኛው ቃል በመዝገብ እንደሚገባ፣ የማን ቃል ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ተርጓሚውም በየትኛው እንደሚተማመን የሚወስን የጥናቱ አንድ ክፍል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፦ በመስክ የተሰማው ነገርና ስለተሰማው ነገር እኛ የሰጠነው ፍርድ ተደባልቀው መቀመጥ የለባቸውም። ሁለቱ ተለይተው ከተቀመጡ ፍርዱ ቢሳሳት ይታረማል፤ ከተደባለቁ ግን የሚታረምበት መሠረት አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው የአሠራር ነጥቦች ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

ሐዋሳን ለምሳሌነት የመረጥንበት ምክንያት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ስትሆን፣ በከተማይቱ ሲዳምኛ (ተናጋሪዎቹ ሲዳሙ አፎ የሚሉት)፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጓደኛው ጋር በአንድ ቋንቋ፣ ከገዢው ጋር በሌላ ቋንቋ መነጋገሩ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ «ይህ ቃል የየትኛው ቋንቋ ነው?» የሚለው ጥያቄ በችኮላ የሚመለስ አይደለም።

በሐይቁ ከሚያዙት ዓሦች በገበያ በእጅጉ የሚታወቁት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። በምርምር ጽሑፎች «ቲላፒያ» የሚባለው ዓሣ በደቡቡ ሐይቆች ቆሮሶ ሲባል፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ቀረሶ ይባላል። ቢልጫ ከሚባለው ዓሣ ጋር አንድ ወገን የሆኑትን ዓሦች የጣና አጥማጆች ነጭ ዓሣ ይሏቸዋል። አምባዛ በአንጻሩ በሁለቱም አካባቢ በዚሁ ስሙ ይታወቃል። እንግዲህ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን የመሰለ ሕግ፣ ወይም በሥሩ የሚወጣ መመሪያ፣ በሐይቁ ዳር ላለው ሠራተኛ በሚገባው ቃል እንዲያስረዳ የታዘዘ ተርጓሚ የትኛውን ስም ይጻፍ? «ነጭ ዓሣ» ብሎ ቢጽፍ ለጣና ሰው ግልጽ የሆነው ስም ለሐዋሳ ሰው የዓሣውን ቀለም ብቻ የሚገልጽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ያልገባውን ደንብ የተላለፈ ሰው ግን ቃሉ አልገባኝም በማለት ብቻ ከቅጣት አያመልጥም። በካርድ ላይ «የተሰማበት ቦታ» የምትለዋ አንዲት መሥመር ባዶ መቅረቷ ምን ያህል እንደምታስከፍል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ካርዱ ከሰብሳቢው በላይ ዕድሜ አለው

መረጃን በሥርዓት ማደራጀት የሚያስፈልገው ለዛሬው ተመራማሪ ብቻ አይደለም። የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የያዘው ትልቁ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሥራው የተጀመረው በመምህራቸው በክፍለ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ከእርሳቸው ወደ ኪዳነ ወልድ፣ ከኪዳነ ወልድም ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተላልፎ ታትሟል። ሦስት እጅ ያለፈ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውም የሁለተኛውን ማስታወሻ ማንበብና መረዳት ባይችል ኖሮ መጽሐፉ በተሟላ መልክ ባልደረሰን ነበር። ሰብሳቢው ራሱ ብቻ የሚረዳው ማስታወሻ በጥናት ዓይን ሲታይ ገና አልተሰበሰበም ማለት ይቻላል።

ከውጭ አገርም አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በጄምስ መሪ ዋና አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1884 በክፍል በክፍል መታተም የጀመረው የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተመሠረተው አንባቢዎች ከየመጻሕፍቱ እየቀዱ በላኳቸው ትናንሽ ወረቀቶች ላይ ነበር። ወረቀቶቹ ብዙ ክፍልፋይ ባለው መደርደሪያ ውስጥ በፊደል ተራ ይቀመጡ ነበር። ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎም «ቦንድሜይድ» የተሰኘው፣ ሴት ባሪያን የሚያመለክተው ቃል ወረቀቶቹ ከቦታቸው በመጥፋታቸው ከመጽሐፉ ቀረ፤ ሊገባ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው ተጨማሪ ጥራዝ ነው። በዚያ መዝገብ አንድ ቃል ተዘለለ፤ ነገር ግን ቋንቋው በጽሑፍ የዳበረ ስለነበር ቃሉ በመጻሕፍት ውስጥ ቆይቷል። በጽሑፍ ያልሰፈረ የሙያ ቃል ከካርድ ከጠፋ ግን የሚፈለግበት ሌላ ሥፍራ ላይኖር ይችላል።

በአንድ ካርድ ላይ ምን ይጻፋል?

የመጀመሪያው ደንብ «አንድ ካርድ ለአንድ አገባብ» የሚል ነው። አንድ ሰው አንድን ቃል በሁለት ትርጉም ከተናገረ ሁለት ካርድ ይዘጋጃል። ካርዱ ሁለት ገጽ አለው ብለን እናስብ። በፊተኛው ገጽ የሚጻፈው የተሰማው ብቻ ነው፦

ሀ) ቃሉ እንደተነገረው፤
ለ) ቃሉ የተነገረበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፤
ሐ) ቦታውና ቀኑ፤
መ) ንግግሩ የተካሄደበት ቋንቋ፤
ሠ) የተናጋሪው መለያ ቁጥር፣ የሥራ ዓይነት፣ የዕድሜ ክልልና አፍ የፈታበት ቋንቋ፤
ረ) ቃሉ የተገኘበት መንገድ።

በኋለኛው ገጽ የሚጻፈው የእኛ ፍርድ ነው፦ ትርጉሙ፣ የቃል ክፍሉ፣ ሥርወ ቃሉ፣ ከየትኛው ቋንቋ ሳይመጣ እንዳልቀረ የቀረበ ግምት፣ ግምቱን ያቀረበው ሰው መለያና ቀኑ። የኋለኛው ገጽ ሊሰረዝና ሊታደስ ይችላል፤ የፊተኛው ግን ከተጻፈ በኋላ አይነካም።

የዚህን ጥቅም ለማየት «ዱለት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዱለት በተለመደው ትርጉሙ ከጨጓራ፣ ከጉበትና ከቀይ ሥጋ ተከትፎ በቅመምና በቅቤ የሚሠራ ምግብ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያና በከተማይቱ ምግብ ቤቶች ግን «ዓሣ ዱለት» የሚባል ምግብ አለ፤ በዚህ ምግብ ውስጥ ጨጓራም ጉበትም የለም። ሰብሳቢው «ዱለት» የሚለውን ቃል ብቻ ጽፎ «የታወቀ ነው» በማለት ቢያልፈው፣ ትርጉሙ ከምግቡ ዕቃ ወደ አሠራሩ መሸጋገሩ ሳይታይ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩና ቦታው በፊተኛው ገጽ ከሰፈሩ ግን ይህን ያላስተዋለ ሰው የጻፈውን ካርድ እንኳ ሌላ ሰው አንብቦ ሊያስተውለው ይችላል። «ለብለብ»፣ «ጉላሽ»ና «ኮተሌት» በሚሉት ቃላት ላይም ይኸው ይሠራል። የመጀመሪያው ከአማርኛው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱ በባዕድ ቋንቋ በኩል የገቡ ናቸው። ይህ የምንጭ ጉዳይ ግን የኋለኛው ገጽ እንጂ የተናጋሪው ጉዳይ አይደለም፤ ለተናጋሪው ሦስቱም የዕለት ሥራው ቃላት ናቸው።

የተናጋሪው ስም በካርዱ ላይ አይጻፍም። ስሙ በተለየ መዝገብ በቁጥር ተይዞ፣ መዝገቡም ለብቻው ይቀመጣል። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ስለ ዋጋ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ጎረቤቱም መናገሩ አይቀርም፤ ቃሉን ስለሰጠን ሊጎዳ አይገባውም።

ቃሉ የተገኘበት መንገድ

በፊደል «ረ» የተመለከተው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለሆነ ለብቻው ልናብራራው ይገባል። ቃል በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛ፣ ተናጋሪው ሳይጠየቅ በሥራው መካከል ሲናገረው ይሰማል። ሁለተኛ፣ ነገሩን አሳይተነው «ይህ ምን ይባላል?» ስንለው ይነግረናል። ሦስተኛ፣ እኛው ቃሉን አቅርበንለት «ይህን ቃል ያውቁታል?» ስንል መልስ ይሰጠናል። በሦስተኛው መንገድ የተገኘ «አዎ» ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሊመዘን አይችልም። በአገራችን እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ የተጠየቀ ሰው ከቢሮ ለመጣ ጠያቂ አክብሮት ሲል ያልሰማውን ቃል «እንዴታ፣ አውቀዋለሁ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በተለይ አዲስ የተፈጠረ ሙያዊ ስያሜ በሕዝብ ዘንድ ይሠራ እንደሆነ የሚያጠና ሰው ሦስቱን ካልለየ፣ ማንም የማይናገረው ስያሜ «በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ውጤት ይዞ ይመለሳል።

እንዲሁም «አላውቀውም» የሚለው መልስ ራሱን የቻለ ካርድ ሊኖረው ይገባል። መልስ ያልተገኘበት ጥያቄና «አላውቀውም» የተባለበት ጥያቄ ሁለቱም በባዶ ከተተዉ በትንተና ጊዜ መለየት አይቻልም። የመጀመሪያው የእኛን ድካም፣ ሁለተኛው የተናጋሪውን ዕውቀት የሚያሳይ ነው።

የፊደል አጻጻፍና የአደራደር ችግር

ካርዶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚመጣው ሥራ መደርደር ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ሞክሼ ሆሄያት ችግር ይፈጥራሉ። የከተማይቱ ስም ራሱ ምስክር ነው። በቀድሞ ሰነዶች «አዋሳ» ተብሎ ሲጻፍ የኖረው ስም ዛሬ «ሀዋሳ» ወይም «ሐዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ሦስት አጻጻፎች በፊደል ተራ ሲደረደሩ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ይወድቃሉ፤ አንዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው የቀሩትን ሁለቱን አያገኝም። ሰብሳቢዎች «ዓሣ»፣ «አሣ»፣ «ዓሳ»፣ «አሳ» እያሉ ቢጽፉም ተመሳሳይ መበታተን ይደርሳል። መፍትሔው ሁሉም ሰብሳቢ አንድ ዓይነት እንዲጽፍ በማዘዝ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የተጻፈው እንደተጻፈ በአንድ መሥመር ይቀመጣል፤ ለመደርደሪያ የሚያገለግለው አንድ ወጥ አጻጻፍ ደግሞ በሌላ መሥመር ይጨመራል። በዚህ ዓይነት የድሮው ሰነድ ምስክርነት ሳይጠፋ ቃሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል።

ሁለተኛው ችግር ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «ዋና» የሚለው ጽሕፈት «ና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ቀዳሚ የሆነን ነገር ያመለክታል። ስለ ሐይቅ ሥራ በተሰበሰበ መረጃ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ስለሚችሉ፣ የሚጠብቀው ሆሄ በካርዱ ላይ ምልክት ካልተደረገበት ሁለት ቃላት አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። በሲዳምኛ ችግሩ ይበልጣል። ቋንቋው በ1970ዎቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በኢትዮጵያ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል። በአዲሱ አጻጻፍ የአናባቢው ርዝመትና የተነባቢው መጥበቅ ፊደሉን በመደገም ይታያሉ፤ በቀድሞው ግን አይታዩም ነበር። በሁለቱ ዘመናት የተሰበሰቡ ዝርዝሮችን አንድ ላይ የሚደረድር ሰው የትኛው ካርድ ከየትኛው አጻጻፍ እንደመጣ ካላመለከተ፣ የፊደሉን ለውጥ የቋንቋው ለውጥ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

የአደራደሩ ተራም ራሱ ውሳኔ ይጠይቃል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ በአበገደ ተራ ሲሠሩ፣ በሀለሐመ የሚደረደሩም መዝገበ ቃላት አሉ። በሥርወ ቃል መደርደር የግሥን ቤተሰብ አንድ ላይ ያሳያል፤ በፅንሰ ሐሳብ መደርደር ደግሞ ለተርጓሚው «ለዚህ ነገር ስንት ስም አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከወረቀት ጋር ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን አንድ ካርድ በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚቀመጥ ከነዚህ አንዱን መምረጥ፣ ወይም ካርዱን ደጋግሞ መገልበጥ ግድ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ የተያዘ መረጃ በፈለጉት ተራ ይደረደራል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚደረድረው በአምዱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ቦታ፣ ቋንቋና ትርጉም በአንድ አምድ ተጨናንቀው ከተጻፉ ከድሮው ሣጥን የተሻለ አገልግሎት አይሰጥም። ለመዝገበ ቃላት ሥራ ከተዘጋጁት ታዋቂ ፕሮግራሞች አንዱ «ሹቦክስ» ማለትም «የጫማ ካርቶን» ተብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቋንቋ አጥኚዎች ካርዳቸውን ያስቀምጡ የነበረው በእርሱ ውስጥ ነበርና።

መለያዎችን ስለ ማውጣት

ከመደርደር ቀጥሎ የሚመጣው መመደብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ ምድቦቹን አስቀድሞ በቢሮ አዘጋጅቶ ካርዶቹን በየምድቡ ማስገባት ነው። ይህ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ተናጋሪው ዓለሙን የሚከፍልበትን መንገድ ይሸፍናል። የእንስሳት ሊቅ ዓሦችን በዘር ይመድባል፤ ሻጩ በመጠናቸውና በዋጋቸው፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ በአጥንታቸው ብዛትና ለምን እንደሚስማሙ ልትመድባቸው ትችላለች። ቃላቱም የሚከተሉት ይህንኑ አከፋፈል ነው።

ካዋኪታ ጂሮ የተባሉ ጃፓናዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፉት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመስክ ማስታወሻዎች እያንዳንዳቸው በተለያየ ወረቀት ተጽፈው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ የሚመሳሰሉት ይቀራረባሉ፤ ለየቡድኑ ስም የሚወጣው ቡድኑ ከተፈጠረ በኋላ ነው። ለእኛ ሥራ ይህን በሚከተለው አኳኋን ማዋል ይቻላል፦ ከካርዶቹ ጥቂቱ ክፍል በመጀመሪያ ይነበባል፤ ከንባቡ የሚወጡት መለያዎች ከነትርጓሜያቸው በአንድ ወረቀት ይጻፋሉ፤ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ተመሳሳይ ካርዶችን ይመድባሉ፤ በተለያዩበት ላይ ተወያይተው የመለያውን ትርጓሜ ያጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ካርዶች ይመደባሉ። «ልዩ ልዩ» የሚለው ምድብ እየሰፋ ከሄደ መለያዎቹ መረጃውን እንዳልገለጹት ምልክት ስለሆነ እንደገና መታየት አለባቸው።

ስለ ቆጠራ

በመጨረሻም ከምድብ ወደ ውጤት ስንሸጋገር የምንቆጥረው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል «ቆሮሶ» በ40 ካርዶች፣ «ቲላፒያ» በ15 ካርዶች ተገኙ እንበል። አርባዎቹን ካርዶች የሰጡት 4 አጥማጆች፣ አሥራ አምስቱን ደግሞ 15 የተለያዩ ምግብ አቅራቢዎችና ተማሪዎች ቢሆኑ፣ የካርድ ብዛት ብቻ የሚያሳየው አንደበተ ርቱዕ የሆኑትን 4 ሰዎች ነው። ስለዚህ ካርድም ተናጋሪም ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ተናጋሪዎቹም በሥራና በቋንቋ ተለይተው ይታያሉ። በዚህ ምሳሌ ትክክለኛው መደምደሚያ አንደኛው ቃል ያሸንፋል የሚል ሳይሆን፣ አንዱ የአጥማጁ፣ ሌላው የትምህርት ቤትና የምግብ ቤት ቃል ነው የሚል ይሆናል።

ይህን የመሰለ ልዩነት በጽሑፍ ቋንቋም ታይቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ «ወዛደር»ና «ላብ አደር» የሚሉት ስያሜዎች ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። የአንድ ጋዜጣን ገጾች ብቻ ቆጥሮ የተነሣ አጥኚ የአዘጋጁን ምርጫ እንጂ ስያሜው የተሰጠው ሠራተኛ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ሊያውቅ አይችልም። ያን ለማወቅ የሠራተኛው ካርድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ለትልቅ ተቋም ብቻ የሚሆኑ አይደሉም። አንድ ተርጓሚ በሥራው ላይ ሳለ ያጋጠሙትን ቃላት በዚሁ ሥርዓት ሊይዝ ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ካርድ ለአንድ አገባብ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳይቆረጥ፣ ቦታና ቋንቋ ሳይዘለል፣ የተሰማው ከተፈረደው ተለይቶ መጻፉ ነው። ከሥራው ሁሉ አድካሚው ቃሉ በተሰማበት ቀን ማታ ካርዱን ማሟላት ነው፤ በማግሥቱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የተሰማው ሳይሆን የመሰለን ነውና።

በዚህ ዓይነት የተያዘ መረጃ በእጁ ያለ ተርጓሚ በሐይቁ ዳር ለሚለጠፈው ማስታወቂያ «ቆሮሶ» የሚለውን ስም ሲመርጥ በልማድ ወይም በግምት አይደለም። ቃሉን ማን፣ የት፣ በምን አጋጣሚና በየትኛው ቋንቋ ሲናገር እንደተናገረው ማስረጃ አለው። በሌላ ሐይቅ ላለ ሠራተኛ ሌላ ስም መጻፍ እንዳለበትም የሚነግረው ያው ማስረጃ ነው።